ከግዞት ስፍራ ወደ መዝናኛ ስፍራ፦ የሲሼልስ ደሴቶች ታሪክ

በክፍላችን ግድግዳ ላይ የምንሰቅለውን የአፍሪካ ካርታ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ከኬንያ ጠረፍ በስተ ምሥራቅ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል የተበተኑ ጥቂት ነጥቦችን ያገኛል። በአንዳንዱ ካርታ ላይ ነጥቦቹ ከነጭራሹ የሉም፤ በሌላው ላይ ደግሞ ዝንብ ያረፈበት ይመስላል። ተማሪ እጁን አውጥቶ ስለ ነጥቦቹ ቢጠይቅ፣ አብዛኞቻችን «የሲሼልስ ደሴቶች ናቸው፤ ሀብታሞች ለመዝናናት የሚሄዱበት» ብለን ወደ ትምህርታችን እንመለሳለን። መልሱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን የታሪክ መምህር በዚህ ብቻ ሊያልፈው አይገባም እንላለን። ምክንያቱም እነዚህ ደሴቶች የመዝናኛ ስፍራ ከመሆናቸው በፊት ለሰማንያ ዓመት ያህል የአፍሪካና የእስያ ነገሥታት፣ መሪዎችና ጳጳሳት የሚጋዙባቸው ስፍራ ነበሩ። ግዞተኛውንም ጎብኚውንም ወደዚያ የወሰደው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ርቀት ነው። ርቀቱ እንዴት ከቅጣትነት ወደ ሸቀጥነት እንደ ተለወጠ ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲሼልስ ከምድር ሰቅ በስተ ደቡብ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ደሴቶቹ ከመቶ በላይ ሲሆኑ የየብሳቸው ስፋት ተደምሮ 455 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከእነዚህም ትልቁ ማሄ የተባለው ደሴት ነው፤ በላዩ ላይ ያለው ተራራ ግን 905 ሜትር ከፍታ አለው። በመካከል ያሉት ደሴቶች በውቅያኖስ መካከል እንደሚገኙት እንደ ብዙዎቹ ደሴቶች ከእሳተ ገሞራ ወይም ከኮራል የተሠሩ አይደሉም። ዕድሜው 750 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆነ ግራናይት ነው። የሕንድ ምድር ከአፍሪካና ከማዳጋስካር ተገንጥላ ወደ ሰሜን ስትጓዝ ከኋላዋ የቀረ ፍራሽ ነው ማለት ይቻላል። በባሕሩ ዳር ተከምረው የሚታዩት፣ ዝናብና ማዕበል ያለሰለሳቸው ግዙፍ ቋጥኞች ዛሬ በየፖስት ካርዱ ላይ የሚታተሙት እነርሱ ናቸው።

የዐረብ መርከበኞች እነዚህን ደሴቶች ቀደም ብለው ሳያውቋቸው አልቀረም። በጽሑፍ የተመዘገበው የመጀመሪያው መውረድ ግን በ1609 አንድ የእንግሊዝ የንግድ መርከብ ያደረገው ነው። መርከበኞቹ ንጹሕ ውሃ፣ ኮኮናት፣ ዓሣ፣ ግዙፍ ኤሊዎችና አዞዎች አገኙ፤ ሰው ግን አላገኙም። ይህንን ነጥብ አጥብቀን መያዝ አለብን። ዛንዚባርና ኮሞሮስ ከጥንት ጀምሮ ሕዝብና ከተማ ሲኖራቸው ሲሼልስ እስከ አሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ድረስ ባዶ ነበረች። ስለዚህ ዛሬ ያለው ሕዝብ ሁሉ ወይም ራሱ የመጣ ነው፣ ወይም ተገዶ የመጣ ነው፤ የሚበዛው ደግሞ ሁለተኛው ነው።

በ1742 ላዛር ፒኮ የተባለ ፈረንሳዊ፣ በዛሬው የሞሪሸስ ደሴት ገዥ ታዝዞ ደሴቶቹን ቃኘ። በ1756 ፈረንሳዮች የባለቤትነት ድንጋይ አቁመው በገንዘብ ሚኒስትራቸው በሞሮ ደ ሴሼል ስም ሰየሟቸው። ሚኒስትሩ ደሴቶቹን በዓይኑ አላያቸውም። በ1770 የመጀመሪያዎቹ ሠፋሪዎች ሲደርሱ ቁጥራቸው ከነባሮቻቸው 28 ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላም በማሄ ላይ የቅመማ ቅመም አትክልት ስፍራ ተቋቋመ። የሆላንድ ሰዎች በምሥራቅ እስያ ደሴቶች ጠቅልለው የያዙትን የቅርንፉድ፣ የገውዝና የቀረፋ ንግድ ለመስበር የታሰበ የምስጢር ሥራ ነበር። መጨረሻው ግን የሚያሳዝንም የሚያስቅም ሆነ። በ1780 አንድ መርከብ ወደ ወደቡ ሲጠጋ ታየ፤ የእንግሊዝ መርከብ መስሏቸው በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ብለው አትክልቱን አቃጠሉት። በኋላ ሲጣራ መርከቡ የራሳቸው የፈረንሳዮቹ ኖሯል ይባላል። ቀረፋው ብቻ በወፎች ተዘርቶ በተራራው ላይ በቀለ፤ ከመቶ ዓመት በኋላም የደሴቶቹ ዋና ምርት ለመሆን በቃ።

በናፖሌዎን ጦርነት ዘመን የፈረንሳዩ አዛዥ ኬኦ ደ ኬንሲ የእንግሊዝ መርከብ በመጣ ቁጥር እጁን እየሰጠ፣ መርከቡ ሲሄድ የፈረንሳይን ባንዲራ መልሶ እየሰቀለ ብዙ ዓመት ቆየ። በ1814 የፓሪስ ውል ደሴቶቹ ለእንግሊዝ ሲሰጡም እርሱ በእንግሊዞች ሥር በዳኝነት መሥራቱን ቀጠለ። እንዲህ ያለውን ሰው ታሪክ ጀግና አይለው ይሆናል፤ ነገር ግን በእርሱ ዘመን በደሴቶቹ ላይ ብዙ ደም አልፈሰሰም።

በዚያ ዘመን ከነዋሪዎቹ አብዛኞቹ ከምሥራቅ አፍሪካና ከማዳጋስካር የመጡ ባሮች ነበሩ። ባርነት በ1835 ቢቀርም ሰው ማምጣቱ አላበቃም። ከ1861 ጀምሮ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከባሪያ ነጋዴዎች ጀልባ የሚያስለቅቃቸውን አፍሪካውያን በማሄ ያወርዳቸው ጀመር። ቁጥራቸውም ከሁለት ሺህ በላይ ደረሰ። ነፃ ወጣችሁ ተባሉ፤ ነገር ግን አገራቸው አልመለሷቸውም። የኮኮናት እርሻ ሠራተኛ ይፈልግ ነበርና። ለልጆቻቸው በ1876 ከተራራው ላይ፣ ሳን ሱሲ በሚባለው ስፍራ፣ የእንግሊዝ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከፈተላቸው። ትምህርት ቤቱ በ1889 ተዘጋ። የግንቡ ፍራሽ ዛሬም አለ፤ ከበታቹ የሚታየው ደንና ባሕር ውብ ስለሆነ ጎብኚዎች ፎቶግራፍ የሚያነሡበት ስፍራ ሆኗል።

አሁን ወደ ግዞቱ እንምጣ። ለሥልጣን የሚያሰጋን ሰው መውጫ ከሌለው ከፍታ ላይ ማኖር ለእኛ አገር ታሪክ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የነገሥታት ልጆች በአምባ ግሼን እንዴት ይጠበቁ እንደነበር በየትምህርት ቤቱ እናስተምራለን። እንግሊዞች ሲሼልስን እንደ አምባ ግሼን ተጠቀሙባት። ልዩነቱ ገደሉ ባሕር መሆኑ ነው። ግንብና ሰንሰለት አላስፈለጋቸውም፤ መርከብ ከሞምባሳ ተነሥቶ ማሄ ለመድረስ ሦስት ቀን ያህል ይፈጅበት ነበር፤ የሚመጣውም አልፎ አልፎ ነበር። ግዞተኛው በአትክልት መካከል ቤት ይሰጠዋል፤ ቀለብም ይቆረጥለታል። ከዚያ በኋላ ባሕሩን እያየ ይቀመጣል።

በዚህ ዓይነት ከተጋዙት የመጀመሪያው በ1877 የመጣው የማላያው የፔራክ ሱልጣን አብዱላህ ነበር። የዛሬዋ የማሌዢያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ይህ ሱልጣንና ቤተ ሰቡ በማሄ ሳሉ የሰሙት የፈረንሳይኛ ዘፈን ነው ተብሎ በሰፊው ይነገራል። በ1900 የአሻንቲው ንጉሥ ፕሬምፔ ከእናታቸውና ከመኳንንታቸው ጋር ተጋዙ፤ ንጉሡ ወርቃማውን ዙፋን አሳልፈው ያልሰጡ ናቸው። በዚያው ዓመት በእንግሊዞች ላይ ጦርነት የመራችው ያ አሳንቴዋም ተማርካ ወደዚያው ተላከች፤ በ1921 በዚያው አረፈች። ፕሬምፔ ወደ ኩማሲ የተመለሱት በ1924 ነው። በወጣትነት ሄደው ሽማግሌ ሆነው ተመለሱ።

ከዚህ ከእኛው ከምሥራቅ አፍሪካም የሄዱ አሉ። የቡጋንዳው ካባካ ምዋንጋና የቡንዮሮው ንጉሥ ካባሌጋ፣ ሁለት የቆዩ ጠላቶች፣ በ1899 በአንድነት ተማርከው ኋላ ወደ ሲሼልስ ተላኩ። ምዋንጋ በ1903 በዚያው ሞተ። ካባሌጋ ግን እስከ 1923 ድረስ ቆይቶ ሲለቀቅ፣ ቡንዮሮ ሳይደርስ ዑጋንዳ ውስጥ በጂንጃ አጠገብ አረፈ። የሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን የደርቪሾች ጦር በ1920 ከተሸነፈ በኋላ ደግሞ በሰሜን ሶማሊያ የዋርሰንገሊ ሱልጣን የነበረው ማሕሙድ ዓሊ ሽሬ ተጋዘ፤ እርሱ ከስምንት ዓመት ያህል በኋላ አገሩ ለመግባት ታድሏል። የግብፁ የነፃነት መሪ ሰዓድ ዘግሉልም ለጥቂት ወራት በዚያ ቆይቷል። በመጨረሻም በ1956 የቆጵሮሱ ሊቀ ጳጳስ ማካርዮስ ተጋዙ። ያሳረፏቸው ያ የልጆች ትምህርት ቤት ፍራሽ በሚገኝበት በሳን ሱሲ መንገድ ላይ ባለ ቤት ነበር። አንድ ዓመት ያህል ቆይተው ተለቀቁ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የነፃዋ ቆጵሮስ ፕሬዚደንት ሆኑ።

ርቀቱን እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ በረከት ካዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ለእኛ ታሪክ እንግዳ ያልሆነ ሰው ነው። በ1879 የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ድረስ በመምጣት ከዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጋር ተነጋግሮ ሳይስማማ የተመለሰው፣ በ1885 በካርቱም የተገደለው ጄኔራል ጎርዶን ነው። ጎርዶን በ1881 ሲሼልስን ጎበኘ። ፕራስሊን በተባለው ደሴት ላይ ባለው ቫሌ ደ ሜ በሚባል ሸለቆ ውስጥ የሚበቅለውን የባሕር ኮኮናት ባየ ጊዜ፣ ኤደን ገነት ይህ ነው፣ ይህም ዛፍ መልካምና ክፉ የሚያስታውቀው ዛፍ ነው ብሎ አመነ፤ ይህንኑም ጻፈ፣ ካርታም ሣለበት። ግዮን የኢትዮጵያን ምድር ሁሉ እንደሚከብብ በኦሪት ዘፍጥረት ያነበበ የአገራችን ሰው ገነትን በሌላ አቅጣጫ ይፈልግ ይሆናል። የጎርዶን ሐሳብ በሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም፤ ለማስታወቂያ ግን ከዚህ የሚሻል ነገር አልተገኘም።

ዛፉ በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው። በተፈጥሮ የሚበቅለው በፕራስሊንና በጎረቤቱ በኩሪየዝ ደሴት ብቻ ነው። ወንዴና ሴቴ ዛፎቹ የተለያዩ ናቸው። የዘሩ ፍሬ በዓለም ካሉት ዕፀዋት ሁሉ ዘር የሚበልጥ ሲሆን እስከ ሃያ ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ይመዝናል፤ ለመብሰል ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ደሴቶቹ ከመታወቃቸው በፊት ባዶው ቅርፊት በማዕበል ተገፍቶ በማልዲቭ ዳርቻ ይገኝ ስለነበር፣ ሰዎች ከባሕር በታች የሚያፈራ ዛፍ ያለ መስሏቸው ነበር። መድኀኒት ነው እየተባለ ነገሥታት በወርቅና በብር እያስለበጡ ያኖሩት ነበር። ዛሬ ያለ መንግሥት የፈቃድ ወረቀት ከአገር ማውጣት አይቻልም። ሸለቆው ስፋቱ 20 ሄክታር እንኳ የማይሞላ ሆኖ ሳለ በ1983 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ይህ ሁሉ ውበት እስከ 1960ዎቹ ድረስ ዳቦ አላመጣም። ሕዝቡ የሚኖረው በኮፕራ፣ ማለትም በደረቀው የኮኮናት ሥጋ፣ በቀረፋና በጥቂት ቫኒላ ነበር። የእነዚህ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወድቅ ደሴቱ አብሮ ይራባል። የሚያስፈልገው የአይሮፕላን ማረፊያ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ገንዘቡ ግን አልነበረም።

ገንዘቡ የተገኘበትን መንገድ የመዝናኛ መጽሔቶች አይጽፉትም። በ1965 እንግሊዝ ቻጎስ የተባሉትን ደሴቶች ከሞሪሸስ፣ አልዳብራን፣ ፋርኳርንና ዴሮሽን ደግሞ ከሲሼልስ ቆርጣ «የብሪታንያ የሕንድ ውቅያኖስ ግዛት» የሚል አዲስ ቅኝ ግዛት አቆመች። ዓላማው ለአሜሪካ የጦር ሠፈር ስፍራ ለማዘጋጀት ነበር። ለሲሼልስ የተሰጠው ካሣ የዓለም አቀፍ አይሮፕላን ማረፊያ ሆነ። በአልዳብራ ላይም የጦር አይሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ ታስቦ ነበር፤ ሳይንቲስቶች ስለ ግዙፎቹ ኤሊዎች ብርቱ ተቃውሞ አሰሙና ገንዘቡም አጠረና በ1967 ሐሳቡ ቀረ። በቻጎስ ግን የነበሩት ሰዎች እንጂ ኤሊዎች አልነበሩም፤ ለእነርሱ የጮኸላቸው አልተገኘም። የዲዬጎ ጋርሺያ ነዋሪዎች ተባርረው ያለቁት በ1971 ነው። በመርከብ ወደ ሞሪሸስ ሲጓጓዙ አንዳንዶቹ በማሄ እንዲወርዱ ተደርጎ በእስር ቤት ክፍሎች እንዳደሩ ተናግረዋል፤ ከፊሎቹም በሲሼልስ ቀርተዋል።

በዚያው ዓመት፣ ጁላይ 4 ቀን 1971፣ ከሎንዶን የተነሣው የመጀመሪያው ትልቅ ጄት በማሄ አረፈ። ተራራው ባሕሩ ድረስ ስለሚወርድ ለሜዳ የሚሆን ስፍራ አልነበረም፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ማኮብኮቢያ የተሠራው በዳርቻው ላይ ያለው የኮራል ሜዳ ተሞልቶ ነው። በማርች 1972 ንግሥት ኤልሣቤጥ መርቀው ከፈቱት። ደሴቱ የመጨረሻዎቹን ግዞተኞች ተቀብሎ ሳያበቃ የመጀመሪያዎቹን እንግዶች መቀበል ጀመረ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው በፍጥነት የሆነ ነው። በ1971 የመጡት ጎብኚዎች ከሦስት ሺህ ጥቂት ይበልጡ ነበር፤ በ1979 ሰማንያ ሺህ ሊሞሉ ምንም አልቀራቸውም፤ የሕዝቡ ቁጥር ደግሞ በጊዜው ከዚያ ያነሰ ነበር። የኮኮናት ለቃሚው ልጅ አስተናጋጅ፣ ሾፌር፣ ግንበኛ ሆነ። ጁን 29 ቀን 1976 ሲሼልስ ነፃነቷን አገኘች፤ ተቆርጠው የነበሩት ሦስቱ ደሴቶችም ተመለሱላት። የመጀመሪያው ፕሬዚደንት ጄምስ ማንቻም የቱሪዝም ሰው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ለስብሰባ ሎንዶን ሳለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፍራንስ አልበርት ሬኔ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። ሬኔ ሶሻሊዝምን አወጀ፤ ትምህርትንና ሕክምናን አስፋፋ፤ በ1982 ሕዝቡ በቤቱ የሚነጋገርበት ክሪዮል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ሆነ። ይህ የመጨረሻው ነገር ብቻውን ሌላ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ነው። ሆኖም የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣው ሆቴሉ ነበርና እርሱም ቢሆን ሆቴሉን ሊዘጋው አልቻለም።

ጎብኚ የሚገባበት በር ለሌላም ያገለግላል። ኖቬምበር 25 ቀን 1981 ማይክ ሆር በተባለው ስመ ጥር ቅጥረኛ የሚመሩ ከአርባ በላይ ሰዎች ለሽርሽር የመጡ የቢራ ጠጪዎች ማኅበር ነን ብለው ከስዋዚላንድ በመጣ አይሮፕላን ወረዱ። ሻንጣቸው ከላይ የሕፃናት መጫወቻ፣ ከታች ክላሽንኮቭ ነበር። አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ ከአንደኛው ሻንጣ ውስጥ መሣሪያውን ሲያገኝ በማረፊያው ላይ ተኩስ ተከፈተ። አብዛኞቹ ቅጥረኞች የሕንድ አየር መንገድን አይሮፕላን አስገድደው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሸሹ። መንግሥቱ ዳነ፤ ጎብኚው ግን ሸሸ። በ1982 የመጡት ሃምሳ ሺህ አልሞሉም። አገር በአንድ በር ብቻ ሲኖር በሩ ላይ የሚሰማ አንድ ጥይት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያን ጊዜ ታየ።

ጎብኚው መጥቶ ምን ያያል? በዋና ከተማዋ በቪክቶሪያ መካከል በ1903 ደሴቶቹ ራሳቸውን የቻሉ ቅኝ ግዛት ሲሆኑ የቆመችው ትንሽ የሰዓት ማማ አለች። ከተማዋን በእግር ለመዞር ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ከተራራው ማዶ የቦ ቫሎን ረጅም አሸዋ ይገኛል። ላ ዲግ በተባለችው ደሴት ጎብኚው የሚዘዋወረው በአብዛኛው በብስክሌት ነው፤ ቀድሞ የበሬ ጋሪ ነበር። የባሕሩ ዳርቻ በሕግ የሕዝብ ስለሆነ የሆቴሉ ባለቤት ማንም ይሁን ማን የዓሣ አጥማጁ ልጅ በዚያው አሸዋ ላይ መቀመጥ ይችላል። ይህ በብዙ የመዝናኛ አገሮች የማይገኝ ነገር ነው።

ለእኛ ከሁሉ የሚበልጥብን ግን ኩዜን የተባለችው ትንሽ ደሴት ታሪክ ነው። በ1968 የኮኮናት እርሻ የነበረችውን ይህችን ደሴት የወፎች ጥበቃ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ገዛት። በዓለም ላይ የቀረችው የሲሼልስ ዋርብለር የተባለች ወፍ በዚያች ደሴት ብቻ ትገኝ ነበር፤ ቁጥሯም ሠላሳ ያህል ብቻ ነበር። ኮኮናቱ ተነሥቶ የቀድሞው ዛፍ እንዲበቅል ተደረገ፤ ወፏም ተራብታ ወደ ሌሎች ደሴቶች ተወሰደች፤ ዛሬ በሺህ ትቆጠራለች። ጎብኚው የሚከፍለው ለዚህ ጥበቃ ይውላል። በጣም ርቃ የምትገኘው አልዳብራ በ1982 የዓለም ቅርስ ሆነች፤ መቶ ሺህ ያህል ግዙፍ ኤሊዎች ይኖሩባታል። በ1609 የታዩት አዞዎች ግን ሠፋሪዎቹ ከደረሱ በኋላ ተገድለው አልቀዋል።

የዚህ ኑሮ ዋጋው ምን እንደሆነ ካልነገርን ሥራችን ግማሽ ይሆናል። እርሻው ቀርቶ ሰው ሁሉ ወደ ሆቴል ሲዞር፣ ከዓሣው በቀር በገበታ ላይ የሚቀርበው ምግብ አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ሆነ። የጎብኚው ገንዘብ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። በ2008 መንግሥት የውጭ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ወደ ዓለም የገንዘብ ድርጅት ለመሄድ ተገደደ። ከዚያ አሥር ዓመት አስቀድሞም፣ በ1998፣ የባሕሩ ሙቀት ከልክ በላይ ጨምሮ በግራናይት ደሴቶቹ ዙሪያ ካለው ሕያው ኮራል እስከ ዘጠና በመቶ የሚደርሰው ሞቶ ነበር። ጎብኚው በመነጽር ሊያየው የሚመጣው ነጭ አጥንት ሆኖ ቀረ፤ ከፊሉም ገና አላገገመም። መንግሥት ከዕዳው ጥቂቱን ለባሕር ጥበቃ በመለወጥ በ2020 ከባሕር ግዛቱ ሠላሳ በመቶውን የተጠበቀ ስፍራ ብሎ አወጀ። የባሕር ግዛቱም ቀላል አይደለም፤ ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ይበልጣል።

በዚያው በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ መጣና አይሮፕላኖቹ ቆሙ። በ2019 ከ380,000 በላይ ጎብኚዎች የመጡባት፣ መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት አገር በ2020 ያየችው 115,000 ያህሉን ብቻ ነው፤ እነርሱም አብዛኞቹ በሩ ሳይዘጋ የገቡ ናቸው። ለጥቂት ወራት ደሴቶቹ በፕሬምፔ ዘመን ወደነበሩበት ርቀት ተመለሱ። ቦ ቫሎን ላይ አሸዋው ለነዋሪው ብቻ ቀረ፤ ሆቴሎቹም ባዶአቸውን አደሩ። በማርች 2021 በሩ እንደገና ተከፈተ፤ በ2023 የመጡት ወደ 350,000 ይጠጋሉ።